4ጂ ከተማ ገብቶ ስልካችን ውስጥ ያልገባው ለምንድን ነው?

በስልክ መስታወት አናት ላይ፣ ከባትሪው ምልክት አጠገብ፣ አብዛኛው ተጠቃሚ ልብ የማይላት ትንሽ ምልክት አለች። አንዳንዴ የላቲኑ «ኢ» ትሆናለች፣ ይህም 2ጂ የሚባለው ሁለተኛው የኔትወርክ ትውልድ ነው፤ አንዳንዴ «ኤች» ወይም «ኤች ፕላስ»፣ ማለትም 3ጂ፤ ሲቀናን ደግሞ «4ጂ» ወይም «ኤልቲኢ»፣ ሁለቱም ፈጣኑ አራተኛው ትውልድ። ፎቶ አልላክ ሲል፣ የባንክ መተግበሪያ መሽከርከር ብቻ ሲሆንበት፣ ከውጭ አገር የተደወለ የቪዲዮ ጥሪ ሲቆራረጥ «ኔትወርክ የለም» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። በአካባቢው ካሉት ኔትወርኮች ስልካችን ዘገምተኛውን ይዞ ስለተቀመጠ ነው፤ ይህንንም ያቺ ትንሽ ምልክት ሳትደብቅ ትናገራለች።

«እኛ ሰፈር 4ጂ ገብቷል» የሚለው ዜና የሚነግረን ስለ ማማው ብቻ ነው። ስልክ ወደ ፈጣኑ ኔትወርክ የሚሻገረው አራት ነገሮች በአንድ ላይ ሲገኙ ነው፦ በአቅራቢያው የሚያሰራጭ ጣቢያ፣ የዚያን ጣቢያ ሞገድ መቀበል የሚችል ቀፎ፣ ኔትወርኩ የሚያውቀው ዓይነት ሲም ካርድ፣ እንዲሁም በቀፎው ውስጥ በትክክል የተመረጠ ሴቲንግ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሦስቱ ምንም ያህል ቢሟሉ ስልኩ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ለምን እንደወረደም ለባለቤቱ አይነግረውም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ስለ ማማው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ቀሩት ሦስቱ የተባለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ገንዘብ ከፍሎበት የሚገባውን ፍጥነት ሳያገኝ የሚቀረው በእነዚህ በሦስቱ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

የጀርባ ታሪኩን በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል፤ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1999 ነው። በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማስፋፊያ ውል ተፈርሞ፣ በ2015 4ጂ በአዲስ አበባ ብቻ፣ 400,000 ያህል ደንበኞችን ሊያስተናግድ በሚችል አቅም ሥራ ጀመረ። የክልል ከተሞች አገልግሎቱን በስፋት ማግኘት የጀመሩት ከዚያ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። በ2021 በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሁለተኛውን የቴሌኮም ፈቃድ ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከድሬዳዋ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው በ2022 ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ ለሙከራ ከፈተ፤ በ2023 ደግሞ ወደ መደበኛ ሽያጭ አሻገረው። ከእነዚህ ዓመታት ውስጥ ለጉዳያችን ትልቁን ትርጉም የያዘው 2015 ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ቁጥር ያወጣ ሰው እጁ ላይ ያለው ሲም 4ጂ ወደ አገር ከመግባቱ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል እናውርድ እንበል። ፍጥነት የሚለካው በቢት፣ ፓኬጅ የሚሸጠው ግን በባይት መሆኑን፣ አንድ ባይትም ስምንት ቢት መሆኑን አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። «ኢ» በሚለው የ2ጂ ደረጃ በሰከንድ 0.2 ሜጋቢት ቢገኝ ያ ፋይል ከ11 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በደህና 3ጂ 4 ሜጋቢት ቢገኝ 33 ደቂቃ ይፈጃል። በማይጨናነቅ 4ጂ 30 ሜጋቢት ቢገኝ ግን አራት ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን ከማውረድ ፍጥነት ይበልጥ የሚሰማን የምላሹ ቅልጥፍና ነው። የ3ጂ ስልክ ጥቂት ሰከንዶች ሥራ ከፈታ ኔትወርኩ የመደበለትን መስመር ይወስድበታል፤ እንደገና ሲነካ መስመሩን መልሶ እስኪያገኝ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይባክናል። በ4ጂ ይህ መዘግየት እጅግ አጭር ነው። ሊንኩን ነክተን ምንም ያልሆነ መስሎን ደግመን የምንነካው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የሲሙ ነገር

ከአራቱ ሁኔታዎች ሁሉ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሲሙን ነው። ስልኩ አዲስ ነው፣ ሰፈሩ 4ጂ አለው፣ የጎረቤት ስልክ 4ጂ ያሳያል፤ የእኛው ግን ከ«ኤች ፕላስ» አይነሳም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ሲሙ የወጣበት ዘመን ነው።

ምክንያቱ ከፍጥነት ጋር የተያያዘ አይደለም፤ የደኅንነት ጉዳይ ነው። በ2ጂ ዘመን የተሠራ ሲም የሚያውቀው የአንድ አቅጣጫ ፍተሻ ብቻ ነው፤ ኔትወርኩ «አንተ እውነት የእኔ ደንበኛ ነህ?» ብሎ ሲሙን ይጠይቃል፣ ሲሙ ግን «አንተስ እውነት የእኔ ኔትወርክ ነህ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ አይችልም። በዚህ ቀዳዳ የተነሳ ሐሰተኛ ጣቢያ አቁሞ የሰው ስልክ ወደራሱ መሳብ የሚቻልበት መንገድ ተከፍቶ ቆይቷል። ከ3ጂ ጋር አብሮ የመጣው ዩሲም የሚባለው አዲሱ የሲም ዓይነት ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ እንዲፈታተሹ አደረገ። 3ጂ ለነባር ደንበኞች ሲባል አሮጌውን ሲምም እንዲቀበል ተደርጎ ነበር፤ የ4ጂን ሕግ ያወጡት የዓለም አቀፍ መሐንዲሶች ግን ያንን በር ዘጉት። ስለዚህ አሮጌ ሲም እስከ 3ጂ ያደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ከ«ኤች ፕላስ» አልነሳ ያለው ስልክ ምሥጢሩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚታይ አንድ ስህተት አለ። ትልቁ ሲም ለአዲሱ ስልክ ሲገዝፍበት በሞባይል ቤቶች በመቁረጫ ወይም በመቀስ ተቆርጦ ናኖ ይደረጋል፤ ባለቤቱም ሲሙ የታደሰ ይመስለዋል። የተቆረጠው ፕላስቲኩ ብቻ ነው፤ ቺፑ ያው የድሮው ነው። የሲም መጠን ስለ ትውልዱ የሚነግረን ነገር የለም። እርግጠኛ የሚያደርገው ሲሙን 4ጂ ላይ በትክክል በሚሠራ ሌላ ስልክ ውስጥ አስገብቶ ማየት ነው፤ በዚያም ካልሠራ ጥፋቱ የቀፎው አይደለም።

መፍትሔው ቁጥሩን ሳይቀይሩ ሲሙን መቀየር ነው፤ ይህም በአገልግሎት ማዕከል መታወቂያ አሳይቶ የሚፈጸም ቀላል ጉዳይ ነው። የሚያስቸግረው ከለውጡ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። በብዙ አባቶችና እናቶች ስልክ ውስጥ የሰዎች ቁጥር የተመዘገበው በሲሙ ላይ እንጂ በቀፎው ላይ ወይም በኢሜይል አካውንት ላይ አይደለም፤ ሲሙ ሲለወጥ ያ ሁሉ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ማዕከሉ ከመሄድ በፊት ስም ዝርዝሩን ወደ ስልኩ ማዛወር ግድ ነው። በተጨማሪም ዛሬ የስልክ ቁጥር የኪስ ቦርሳ ሆኗል፤ ቴሌብር፣ የባንክ መተግበሪያ፣ ቴሌግራም፣ ሁሉም ማረጋገጫ ኮዱን የሚልከው ወደዚያው ቁጥር ነው። በዚህም የተነሳ ሲም ቅየራ ለአጭበርባሪ የተመቸ በር ነው። «ሲምዎን በስልክ ወደ 4ጂ እናሳድግልዎ፣ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩን» ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ሌባ ነው፤ የፕላስቲክ ካርድን በስልክ ንግግር ማሳደግ አይቻልም። ቁጥሩ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ይበዛል። ከዓመታት በፊት በወንድም ወይም በቀድሞ አሠሪ ስም የወጣ ሲም ይዞ የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ ያ የተመዘገበው ሰው በአካል ካልተገኘ ለውጡ እንዳይፈጸም የሚያደርገው ደንብ ቢያስቸግርም ለራሳችን ደኅንነት ሲባል የወጣ ነውና ሊላላ አይገባም።

ቀፎው የሚቀበለው ሞገድ

«ስልኩ 4ጂ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ መረጃ ነው። ራዲዮ ሁሉንም ጣቢያ እንደማይዝ ሁሉ የ4ጂ ስልክም የሚይዘው የተሠራለትን ሞገድ ብቻ ነው፤ ጥያቄው «የየትኛው አገር 4ጂ?» መሆን አለበት። በኢትዮጵያ 4ጂ በስፋት ከሚሠራጭባቸው ሞገዶች ዋነኛው 1800 ሜጋኸርዝ ነው። በአሜሪካ ግን 4ጂ በመጀመሪያ የተስፋፋው በ700 እና በ1700 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነበር። በዚያ ዘመን ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠሩ ብዙ ስልኮች 1800 ሜጋኸርዝን ለ4ጂ አይጠቀሙም፤ ስለዚህ ዋሽንግተን ላይ እንደ ጥይት የነበረው ስልክ ቦሌ ሲደርስ ወደ 3ጂ ይወርዳል። ስልኩ አልተበላሸም፤ የማያውቀው አገር መጥቷል እንጂ። ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡ ስልኮች በዚህ ረገድ እምብዛም አያስቸግሩም፤ በእነዚያ አገሮች 1800 ሜጋኸርዝ ለ4ጂ በሰፊው ይሠራበታልና። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተሠሩ ታዋቂ ስልኮችም ከየትም ይምጡ በርካታ ሞገዶችን ይይዛሉ። ችግሩ ያለው ያገለገሉትና በርካሽ የሚሸጡት ላይ ነው፤ አቅሙ የማይፈቅድ ሰው የሚገዛው ደግሞ እነዚህኑ ነው።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስልክ ሌላም ፈተና አለበት። በውል የተሸጠ ስልክ ውሉ እስኪያልቅ ለሸጠው ኩባንያ ሲም ብቻ ተቆልፎ ይቆያል። የእኛ ሰው ለእናቱ ወይም ለእህቱ ስልክ ሲልክ ይህን ሳያጣራ ይልካል፤ ተቀባዮቹም ሎኩን ለማስከፈት ከሞባይል ቤት ወደ ሞባይል ቤት ይንከራተታሉ። ቁልፉ በሕጋዊ መንገድ የሚከፈተው በዚያው በሸጠው ኩባንያ ነውና ከመላክ በፊት እዚያው ማስከፈት ይገባል። እዚህ ደርሶ በሶፍትዌር ብልሃት የተከፈተ ስልክ አንዳንዴ ማሻሻያ ሲጫንበት ተመልሶ ይቆለፋል።

ሁለት ሲም የሚይዙ ስልኮችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተሠሩ ብዙ ስልኮች 4ጂ የሚያገኘው አንደኛው የሲም ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ለጥሪና ለመልእክት ተብሎ በ2ጂ ወይም በ3ጂ የታሰረ ነው። ሁለተኛ ኦፕሬተር ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው የ09 እና የ07 ቁጥሮችን በአንድ ስልክ ይዟል፤ ዳታ የሚገዛበትን ሲም በሁለተኛው ቦታ አስቀምጦ «ኢንተርኔቱ አይረባም» የሚል ሰው ሲሞቹን ቦታ ቢያለዋውጥ ያለ አንዳች ወጪ መፍትሔ ሊያገኝ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዋጋው ነው። የዓለም የሞባይል ኦፕሬተሮች ማኅበር የሆነው ጂኤስኤምኤ በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ ደጋግሞ እንዳሳየው፣ የሞባይል ኢንተርኔት ፈጽሞ ያልደረሰበት የዓለም ሕዝብ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን፣ ኔትወርኩ ከደጃፉ ደርሶ የማይጠቀመው ግን ከሲሶ በላይ ነው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ የስማርት ስልክ ዋጋ ነው። በኢትዮጵያ በ2024 ሐምሌ መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቴክኖን ጨምሮ በአገር ውስጥ የሚገጣጠሙ ስልኮች ቢኖሩም ቺፑና መስታወቱ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ጫና አላመለጡም። እናም አዲስ የተተከለው የ4ጂ ማማ ሥር ባለ ቁልፍ ስልክ ይዞ የቆመ ገበሬ ስናይ ያልዘመነ ሰው አድርገን መቁጠር የለብንም፤ ከእሱ የሚጠበቀው የወራት ገቢውን ለቀፎ መክፈል ነውና።

ጥሪ ሲመጣ

ሴቲንጉ ከአራቱ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ግን የራሱ መዘዝ አለው። በአንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ የሚለው ስፍራ ተገብቶ የኔትወርክ ዓይነት ይመረጣል፤ በአይፎን ደግሞ በሞባይል ዳታ ሥር የድምፅና የዳታ ምርጫ አለ። ትክክለኛው ምርጫ 4ጂን ወይም 5ጂን ከላይ አድርጎ 3ጂንና 2ጂንም አብሮ የሚይዘው አውቶማቲክ የሚባለው ነው። አዲስ ሲም ሲገባ ወይም ስልኩ ከውጭ የመጣ ሲሆን ይህ ምርጫ አንዳንዴ 3ጂ ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ በአንዲት ደቂቃ ይስተካከላል።

መዘዙ የሚመጣው ከዚህ አልፎ በሚሄድ ሰው ነው። በአንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች የተደበቀ የፍተሻ ገጽ በኮድ ይከፈታል፤ እዚያ «ኤልቲኢ ብቻ» የሚል ምርጫ አለ። ይህንን የመረጠ ስልክ ከ4ጂ አይወርድም፤ ፍጥነቱ ይረጋል፣ ምልክቷም ደስ ታሰኛለች። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። 4ጂ ከመሠረቱ የተነደፈው ለዳታ ነው፤ የድሮው የድምፅ ጥሪ መስመር በውስጡ የለም። ቮልቲኢ በሚባለው ዘዴ ድምፅን በ4ጂ ላይ ለማስተላለፍ ቀፎውም፣ ኔትወርኩም፣ የደንበኛው መስመርም ተዘጋጅተው መገኘት አለባቸው፤ በአይፎን ላይ ደግሞ አፕል ለዚያ ኦፕሬተር አገልግሎቱን ካልከፈተ አይሠራም። ይህ ካልተሟላ ስልኩ ጥሪ በመጣ ቁጥር 4ጂን ለቆ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል፣ አነጋግሮ ሲጨርስ ተመልሶ ይወጣል። ደውለን ጥሪው እስኪሄድ ጥቂት ሰከንዶች ዝም የሚለው፣ እያወራን ሳለን ኢንተርኔቱ የሚዘገየው ወይም የሚቆመው ለዚህ ነው። «ኤልቲኢ ብቻ» የተባለ ስልክ ግን መውረጃ ደረጃው ተነስቶበታል፤ ስለዚህ ጥሪ አይገባለትም፣ በኮከብና በመሰላል የሚደወሉ የሂሳብና የክፍያ ኮዶችም አይሠሩለትም።

አክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ኢንተርኔቱ ፈጣን እንዲሆንላቸው ብለው ስልካቸውን ለአንድ ጎረምሳ ጠጋኝ ሰጡ፤ እርሱም በቅንነት ይህንኑ አደረገላቸው። ቴሌግራሙ እንደ ልብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ግን ማንም ሊያገኛቸው አልቻለም፤ እኛ ታመሙ ብለን ተጨነቅን፣ እሳቸው ደግሞ ልጆቼ ረሱኝ ብለው አዘኑ። ስልካቸውን አይቼ ምርጫውን ወደ አውቶማቲክ ስመልሰው ጥሪው ወዲያው ገባ። ፈጣን ኔትወርክን ስናስብ ኢንተርኔቱን ብቻ ማሰብ እንደማይገባን የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ለብዙ ሰው ስልክ ከምንም በፊት የሰው ድምፅ መስሚያ ነው።

ሁሉም ተሟልቶ ስልኩ 4ጂ ቢያሳይም ፍጥነቱ ላይመጣ ይችላል። የአንድ ማማ አቅም በሥሩ ላሉት ሁሉ የሚከፋፈል ነው፤ ማታ ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት ድርሻችን ይቀንሳል። ከፍ ያለ ሞገድ ብዙ ዳታ ቢሸከምም ሩቅ አይሄድም፣ ግድግዳም አይወድም፤ የቆርቆሮ ጣሪያና ብረት የበዛበት ኮንክሪት ያዳክሙታል። ስለዚህ ከማማው በራቀ ስፍራ፣ አንዲት መስመር ብቻ ከምታሳይ 4ጂ ይልቅ ጠንካራ 3ጂ የተሻለ ሊሠራ ይችላል፤ ስልኩ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ባትሪውን ከሚጨርስ ለጊዜው 3ጂ ላይ ማቆየትም አስተዋይነት ነው። ማማውም ቢሆን በጀርባው በቂ የፋይበር ወይም የማይክሮዌቭ መስመር ከሌለው ምልክት ብቻ ነው የሚሰጠን። አገራችንም ወደብ ስለሌላት ከዓለም ጋር የሚያገናኛት መስመር የሚያልፈው በጎረቤቶቻችን ምድር፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል ነው።

ፍጥነት ፓኬጅ እንደሚበላም መናገር ያስፈልጋል። 4ጂ በራሱ ያንኑ ፎቶ ለመላክ ተጨማሪ ዳታ አይወስድም። ነገር ግን ዩቲዩብና ቲክቶክ መስመሩ መፍጠኑን ሲያዩ የቪዲዮውን ጥራት በራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ፤ ከሥር ያለውንም ቪዲዮ ገና ሳንከፍተው ማውረድ ይጀምራሉ። የወር የነበረው ፓኬጅ በሳምንት ሲያልቅ ሰው ተሰረቅሁ ይላል። የቪዲዮ ጥራትን ዝቅ አድርጎ መወሰን፣ በራሱ የሚከፈተውን ማጥፋት፣ የመተግበሪያ ማሻሻያን ለዋይፋይ ማስቀመጥ ከአዲሱ ሲም ጋር አብረው መደረግ ያለባቸው ናቸው።

አሮጌው ኔትወርክ ሲዘጋ

እስካሁን ያልነው ፍጥነት ለሚፈልግ ሰው ነው። ፍጥነት የማይፈልገውን፣ በያዘው 3ጂ ወይም 2ጂ ደስ ብሎት የሚኖረውን ሰው ጭምር የሚነካ ጉዳይ ግን እየመጣ ነው። ሞገድ ውስን ሀብት ስለሆነ ኦፕሬተሮች አሮጌውን ኔትወርክ ዘግተው ቦታውን ለአዲሱ ይሰጣሉ። በጀርመን ትልልቆቹ ኦፕሬተሮች 3ጂን በ2021 ዘጉ፤ 2ጂን ግን ለድምፅ ብለው አቆዩት። በአሜሪካ ሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች 3ጂን በ2022 ውስጥ ዘግተው ጨረሱ፤ ቮልቲኢ የሌለው ስልክ፣ 4ጂ ኢንተርኔት ያለው እንኳ ቢሆን፣ መደወል አቃተው። በአውስትራሊያ ደግሞ 3ጂ በ2024 ጥቅምት መጨረሻ ሲዘጋ፣ በ4ጂ ላይ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ማድረግ የማይችሉ ስልኮች ከነጭራሹ ከኔትወርክ እንዲወጡ ተደረገ። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይ ከአገር ቤት ወይም ከዱባይ የተገዛ ስልክ ይዘው የሄዱ ሽማግሌዎች፣ የአገሩ ኦፕሬተር በተቀባይነት መዝገቡ ያላሰፈረው ስልክ መስታወቱ አዲስ ቢሆንም እንደማይደውል በችግር ተምረዋል።

በኢትዮጵያ 2ጂና 3ጂ ዛሬም የብዙኃኑ መስመር ናቸው፤ በገጠር ደግሞ ከጥሪ አልፈው የገንዘብ ማስተላለፊያ ሆነዋል። እዚህ እንደ ጀርመን 3ጂን አስቀድሞ ዘግቶ 2ጂን ማቆየት ከተቃራኒው የተሻለ ይመስለኛል፤ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘውን ሰው ድምፅ አልባ አያደርገውምና። የትኛውም ቢመረጥ ግን ዝግጅቱ መጀመር ያለበት መዝጊያው ቀን ሲቃረብ አይደለም፤ ዛሬ ነው። ኦፕሬተሮቹ የትኛው ደንበኛ አሮጌ ሲም እንደያዘ፣ የትኛው ቀፎ 4ጂ እንደሚችል ከራሳቸው ሥርዓት ያውቃሉ። ለዚያ ሰው «ሲምዎ 4ጂ አይቀበልም፣ መታወቂያ ይዘው በመምጣት ይቀይሩ» የሚል አጭር መልእክት በሚናገረው ቋንቋ መላክ ከአንድ የማስታወቂያ ዘመቻ ያነሰ ወጪ ነው፤ ለውጡም በነጻ ሊሆን ይገባል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ከሽፋን ቁጥር በተጨማሪ ከተሸፈነው ሕዝብ ውስጥ ስንቱ በእርግጥ 4ጂ እንደሚጠቀም፣ ለምንስ እንደማይጠቀም በየጊዜው እንዲገለጽ ቢጠይቅ ክርክራችን ከማማው ወደ ሰው ይዞራል። ሻጮችም በካርቶኑ ላይ «4ጂ» ብቻ ከመጻፍ ስልኩ በኢትዮጵያ ሞገድ እንደሚሠራ፣ ሁለቱም የሲም ቦታዎች 4ጂ እንደሆኑ፣ ቮልቲኢ እንዳለው ወይም እንደሌለው በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች እንዲገልጹ የማይገደዱበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ድረስ ስልክ ለመግዛት መርካቶ ወይም መገናኛ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የራሱን ሲም አውጥቶ በስልኩ አንደኛ ቦታ ያስገባ፤ ዋይፋዩን ያጥፋ፤ ምልክቷ 4ጂ እስክትል ይጠብቅ። ከዚያ አብሮት ያለው ሰው ይደውልለት፤ ጥሪው ሲገባ ምልክቷ ወደ «ኤች» ወይም ወደ «ኢ» መውረዷን ወይም ባለችበት መቆየቷን ይመልከት። ከዚያ ሲሙን ወደ ሁለተኛው ቦታ አዛውሮ ይድገመው። ሻጩ «እሱ ቤትህ ስትደርስ ይሠራል» ካለው ስልኩን መልሶለት ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፍ።